የፀሐይ ግርዶሽ በጥላ ቲያትር፦ ከቃለ ተውኔቱ በፊት መብራቱን መምረጥ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንዲት የ7ኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት የትምህርት ቤታቸውን የሳይንስ ክበብ አባላት ይዘው ለወላጆች ቀን ስለ ፀሐይ ግርዶሽ የጥላ ቲያትር ማዘጋጀት ይፈልጋሉ። በእጃቸው ያለው ካርቶን፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጥቂት ኤልኢዲ አምፖሎችና የመምህራን ሞባይል ስልኮች ናቸው። ሲሞክሩት ጥላው ደበዘዘባቸው፤ ልጆቹ የጻፉት ቃለ ተውኔትም ከመማሪያ መጽሐፉ የተገለበጠ ትርጓሜ ሆነ። ጥላው እንዲጠራ፣ ሳይንሱ ሳይዛባም ትርኢቱ እንዲስብ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠይቀዋል። ልጆቹ እውነተኛ ግርዶሽ በሚመጣበት ጊዜ እንዴት ሊመለከቱት እንደሚገባም አክለው ጠይቀዋል።

ውድ መምህርት፣

ከሳይንስ ርእሶች መካከል ለጥላ ቲያትር ይህን ያህል የሚስማማ ያለ አይመስለኝም። ስለ ደም ዝውውር ወይም ዕፅዋት ምግባቸውን ስለሚያዘጋጁበት መንገድ ትርኢት ቢያዘጋጁ መጋረጃው ላይ የሚያርፈው ጥላ ሥዕል ብቻ ነው፤ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ቢሣል የሚጎድልበት ነገር የለም። ግርዶሽ ግን ራሱ ጥላ ነው። ጨረቃ በፀሐይና በመሬት መካከል ስታልፍ ጥላዋ መሬት ላይ ያርፋል፤ አንድ ክብ ካርቶን በመብራትና በመጋረጃ መካከል ሲያልፍ የሚሆነውም ያው ነው፤ ስለዚህ ተመልካችዎ ክስተቱን ራሱን በትንሽ መጠን ያያል ማለት ነው። ይህ ዕድል ታዲያ አደጋም አለው፤ መብራቱ ሳይታሰብበት ከተመረጠ፣ ልጆቹ የሚናገሩት እያንዳንዱ ቃል ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ጥላው ከእውነታው ተቃራኒ የሆነውን ያስተምራል። ከቃለ ተውኔቱ በፊት መብራቱን ይወስኑ የምልዎ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ድብዝዝታው ላስረዳ። የጥላ ጠርዝ የሚደበዝዘው ብርሃኑ ስፋት ካለው አካል ሲወጣ ነው፤ ከአምፖሉ ግራ ዳር የሚነሣው ብርሃንና ከቀኝ ዳር የሚነሣው ብርሃን የአንዱን አሻንጉሊት ጠርዝ መጋረጃው ላይ በተለያየ ቦታ ያሳርፉታል። የደብዛዛው ጠርዝ ስፋት በቀላሉ ይሰላል፤ የመብራቱን ስፋት ከአሻንጉሊቱ እስከ መጋረጃው ባለው ርቀት አባዝተው፣ ውጤቱን ከመብራቱ እስከ አሻንጉሊቱ ላለው ርቀት ያካፍሉታል። 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደ ኤልኢዲ አምፖል ከአሻንጉሊቱ 110 ሳንቲ ሜትር፣ አሻንጉሊቱ ደግሞ ከመጋረጃው 50 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ደብዛዛው ጠርዝ 2.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም የአንድ ትንሽ አሻንጉሊት አፍንጫና አገጭ ለማጥፋት ይበቃል። መብራቱን ባለበት ትተው አሻንጉሊቱን ከመጋረጃው 10 ሳንቲ ሜትር እስኪቀረው ቢያስጠጉት ደብዛዛው ጠርዝ ወደ 0.4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በአምፖሉ ፋንታ የሞባይል ባትሪ ቢያበሩ ብርሃኑ የሚወጣው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ቦታ ስለሆነ፣ አሻንጉሊቱ ከመጋረጃው ቢርቅም ጥላው ጥርት ይላል። ስልኩ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መብራቶች ካሉት ግን ጥላው ጥንድ ጥንድ ይሆናል፤ አንዱን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑት። አምፖሉ እንደ ሞባይሉ ጥርት ያለ ጥላ እንዲሰጥዎ ከፈለጉም፣ 1 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ የተበጀለት የወተት ጣሳ ከፊቱ ማድረግ ይቻላል፤ ብርሃኑ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጣሳውም ሙቀት የሚወጣበት ክፍተት ከኋላው ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ለሁሉም ነገር ትንሽ መብራት ይሻላል ብለው ይደመድሙ ይሆናል። ለሰዎቹ ገጸ ባሕርያት እውነት ነው፤ ለግርዶሹ ግን ከባድ ስሕተት ነው። በትንሽ መብራት ፊት የቆመ ክብ ካርቶን ጥላው እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም፤ ካርቶኑን ከመጋረጃው ባራቁት ቁጥር ጥላው ይተልቃል። በሰማይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የፀሐይ ስፋት የጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ የጨረቃ ሙሉ ጥላ ወደ መሬት ሲጓዝ እየሾለ ሄዶ በአማካይ ከ375,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጫፉ ያልቃል። ጨረቃ ደግሞ ከመሬት ያላት ርቀት ከ363,000 እስከ 405,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። ጨረቃ ስትቀርብ የጥላው ጫፍ መሬት ይደርስና ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል፤ ስትርቅ ጫፉ አየር ላይ ይቀርና በጨረቃ ዙሪያ የፀሐይ ቀለበት ይታያል። በሞባይል ባትሪ የተሠራ የግርዶሽ ትርኢት ይህን ጨርሶ ሊያሳይ አይችልም፤ ጭራሽ ጨረቃ በራቀች ቁጥር ጥላዋ ይገዝፋል ብሎ ያስተምራል። ከተመልካቾቹ አንድ አስተዋይ ወላጅ «ታዲያ ለምን ቀለበት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ መድረኩ ላይ ያለው ዕቃ የሚሰጠው መልስ የለም።

ስለዚህ ሁለት መብራት ያስፈልግዎታል። ትንሹ ለታሪኩ ነው። ትልቁን ራስዎ ይሥሩት፤ ከአንድ ካርቶን ሳጥን ፊት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርጠው አውጥተው ቀዳዳውን በነጭ ወረቀት ይሸፍኑት፤ ውስጡንም ነጭ ወረቀት አልብሰው፣ ሁለት ወይም ሦስት ኤልኢዲ አምፖሎች ወረቀቱን ሳይነኩ ከኋላ እንዲያበሩበት ያድርጉ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊበራ ይገባል፤ መኻሉ ብቻ ካበራ መልሶ ትንሽ መብራት ይሆንብዎታል። ይህ ሳጥን ፀሐይ ነው። ከእርሱ በ150 ሳንቲ ሜትር ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ካርቶን በቀጭን ሽቦ ያቁሙ፤ ጨረቃ ይህ ነው። ለመሬት ደግሞ በካርቶን ፍሬም ላይ የተወጠረ ነጭ ወረቀት ይበቃል። የሦስቱም መኻል በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንዲውል ክር ወጥረው ያስተካክሉ፤ ሲጨርሱ ክሩን ያንሡት።

በእነዚህ ልኬቶች የጨረቃው ሙሉ ጥላ ልክ 50 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ያልቃል፤ ተማሪዎችዎ በተመሳሳይ ጎነ ሦስት ማዕዘን ሊያረጋግጡት ይችላሉ፤ ለሒሳብ መምህሩም ጥሩ የጋራ ሥራ ነው። ወረቀቱን ከጨረቃው በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢያቆሙት፣ መኻሉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጥቁር ክብ፣ በዙሪያውም እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚዘረጋ ፈዘዝ ያለ ከፊል ጥላ ይታያል። ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሲያርቁት ጥቁሩ ክብ እየጠበበ ይሄድና 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ነጥብ ይሆናል። ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ጥቁር የሚባል ክብ አይኖርም። ይህን እንቅስቃሴ ያለ አንዳች ንግግር፣ በጸጥታ እንዲያሳዩት እመክርዎታለሁ፤ ብቻ ከመጀመሩ በፊት ተራኪው ተመልካቹን «ወረቀቱ ሲርቅ ጥቁሩ ክብ ይሰፋል ወይስ ይጠባል?» ብሎ ጠይቆ እጅ ያስወጣ። ብዙው ሰው ይሰፋል ይላል፤ የቅድሙን ትንሽ መብራት አይቷልና።

ከሁሉ ይልቅ እንዲተውት የማልፈልገው ክፍል የሚከተለው ነው። ወረቀቱ በ70 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዳለ፣ የእርሳስ ውፍረት የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች ይብሱበት፤ አንዱን ልክ በመኻሉ፣ ሁለተኛውን ከመኻሉ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ሦስተኛውን 12 ሳንቲ ሜትር ርቆ። ከተመልካቹ ሦስት ሰው ጋብዘው በየተራ በአንድ አንድ ቀዳዳ ወደ ሳጥኑ እንዲያዩና ያዩትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ያድርጉ። በመኻሉ ያየ ሰው ቀለበት አየሁ ይላል። ሁለተኛው ማጭድ የመሰለ ብርሃን ያያል። ሦስተኛው ሙሉውን ክብ ያያል፤ ምን ግርዶሽ አለና ብሎም ይገረማል። ፀሐዩ አልተነካም፤ ጨረቃዋም አልተንቀሳቀሰችም፤ የተለያየው የተመልካቹ ቦታ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚያምታታው ግርዶሹን ከሕዋ በጎን የሚያሳየውን ሥዕልና ከመሬት ቀና ብሎ የሚታየውን መልክ ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን ጥላውም መልኩም በአንድ ጊዜ ይገኛሉ።

ቃለ ተውኔቱም ከዚሁ ይወለዳል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በኢትዮጵያ የታየው ቀለበታዊ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ ሲያልፍ አዲስ አበባ ላይ ማጭድ ሆኖ ታይቷል። እንግዲህ በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት የአክስት ልጆችን ያስቡ፤ አንዷ ላሊበላ፣ አንዱ አዲስ አበባ። «ቀለበት ሆነች!» ትላለች እርሷ። «ምን ቀለበት? ማጭድ ናት እንጂ!» ይላል እርሱ። አንቺ ዋሸሽ፣ አንተ ዋሸህ ሲባባሉ ከላሊበላዋ ልጅ አጠገብ የተቀመጡት አያት ጣልቃ ይገቡና «ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እውነት ከሆናችሁሳ?» ይላሉ። ትንሹ መብራት ይጠፋል፤ ትልቁ ሳጥን ይበራል፤ ሦስቱ ተመልካቾች ይጋበዛሉ። ክርክሩን የሚፈታው መምህር ወይም ተራኪ ሳይሆን የታየው ነገር ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ የተገለበጡትን ትርጓሜዎች ሁሉ ያውጧቸው፤ «ቀለበታዊ ግርዶሽ ማለት…» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር በትርኢቱ ውስጥ ባይኖር እመርጣለሁ። ስሙ ልጆቹ ነገሩን ካዩ በኋላ አንድ ጊዜ በአያትየው አፍ ቢጠራ ይበቃል። አፍና ዓይን ያላት፣ የምትናገር ፀሐይም አይሥሩ፤ ፀሐዩ መብራቱ ነውና ሌላ ፀሐይ መጋረጃው ላይ ሲመጣ ጥላው ከየት እንደሚወጣ ይምታታል።

ልጆቹ ጭራቅ ካላስገባን ካሉ አይከልክሏቸው። በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት ካላ ራው የተባለ ጭራቅ ብርሃናቱን ሲውጥ ግርዶሽ ይሆናል የሚል ጥንታዊ ተረት አለ፤ አገሪቱም የጥላ ቲያትር ታላቅ አገር ናት። በጃቫና በባሊ ዋያንግ ኩሊት የሚባለውን ትርኢት ዳላንግ የሚባል አንድ ሰው ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ሊመራው ይችላል፤ አሻንጉሊቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ የሁሉንም ድምፅ ይናገራል፣ ሙዚቀኞቹንም ያዛል። ጭራቁን የመጀመሪያ ግምት አድርገው ካስገቡት በኋላ በስልኩ ክርክር ይፈትኑት፤ አንድ ንክሻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላሊበላ ላይ ቀለበት፣ አዲስ አበባ ላይ ማጭድ ሊሆን እንዴት ይችላል? ልጆቹ ራሳቸው ይህን ጥያቄ ካነሡ፣ ሳይንስ ግምትን በምን እንደሚፈትን ያለ ስብከት አሳዩ ማለት ነው።

ስለ አሻንጉሊቶቹ ብዙ የምለው የለኝም። የሰው መልክ በጥላ የሚለየው በጎን ሲታይ ስለሆነ ሁሉንም በጎን ይቁረጧቸው፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይበቃል። የሚንቀሳቀስ አንድ ክንድ ብቻ ይኑራቸው፤ መገጣጠሚያውን በሁለቱም ወገን በተቋጠረ ክር ይሠሩታል። መያዣው ስንደዶ ወይም ቀጭን ሽቦ ሊሆን ይችላል። የአያትየውን የነጠላ ጥለት በመርፌ ወይም በምስማር ጫፍ እየበሱ ቢያወጡት ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እያለፈ ያምራል፤ የጃቫ ባለሙያዎችም የጎሽ ቆዳውን በመሮ እየበሱ ነው የሚያስጌጡት። ቀለም ከፈለጉ ካርቶኑን ሸንቁረው የከረሜላ መጠቅለያ ይለጥፉበት። ካራጎዝ በተባለው የቱርክ ጥላ ቲያትር አሻንጉሊቶቹ ቀለም ያላቸው ሆነው የሚታዩት ብርሃን እንዲያሳልፍ ተደርጎ ከተፋቀ ቆዳ ስለሚሠሩ ነው፤ ጥቁር ካርቶን ግን በምንም ቀለም ቢቀባ ጥላው ጥቁር ነው። ይህን ልጆቹ አስቀድመው ካላወቁ ሰዓታቸውን በከንቱ ይጨርሳሉ።

ለመጋረጃው በደንብ የተወጠረ አቡጀዲ ከነጠላ ይሻላል፤ ነጠላ ሳሳ ያለ ስለሆነ መብራቱ ራሱ በክሮቹ መካከል ለተመልካቹ ዓይን ይታያል። ትንሹን መብራት ከመጋረጃው የላይኛ ጠርዝ ከፍ አድርገው ወደ ታች ቢያዘነብሉት ይህ ችግር ይቀንሳል፤ የአንቀሳቃሾቹ ጭንቅላትም መጋረጃው ላይ አይወጣም። አዳራሹ መስኮት ካለው ምሽት ይምረጡ፤ ካልተቻለም መስኮቶቹን ይሸፍኑ። ትንሹ መብራት ጥቂት ብርሃን ቢገባም ይታገሣል፤ የሳጥኑ ብርሃን ግን ለስላሳ ስለሆነ ከፊል ጥላው በጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። የወረቀቱ ፍሬም ትንሽ ስለሆነ ከኋላ ለተቀመጡ አይታይም፤ ስለዚህ በዚያ ክፍል ላይ ተመልካቹን ወደ ፊት ያስጠጉ፤ ወይም ከትርኢቱ በኋላ ወላጆች እየተሰለፉ በቀዳዳዎቹ እንዲያዩ ዕቃውን እንዳለ ይተዉት። መብራት ቢጠፋ የሚሞሉ ኤልኢዲ ፋኖሶችን ለሳጥኑ ያዘጋጁ። ሻማም ሆነ ኩራዝ ግን ከጨርቅና ከካርቶን ኋላ፣ ልጆች በሚተረማመሱበት ጠባብ ቦታ፣ በምንም ምክንያት አይግባ።

አንድ ነገር ለተመልካቹ በግልጽ መነገር አለበት፤ ልኬቱ የእውነት አይደለም። የሳጥኑ ፀሐይ ጨረቃውን የሚበልጠው 4 ጊዜ ብቻ ነው። እውነተኛውን ልክ ለማሳየት አያትየው 1 ሳንቲ ሜትር የምታህል ዶቃ አውጥተው «ይህች መሬት ብትሆን» ይበሉ፤ ያን ጊዜ ጨረቃ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰች ሆና 30 ሳንቲ ሜትር ርቃ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ደግሞ 109 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖራትና 117 ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዳራሹ ወጥቶ ከግቢው ማዶ የቆመ ተማሪ በትልቅ ክብ ካርቶን ቢታይ ለዚህ ይበቃል። ከዚህ በላይ ቁጥር አይጨምሩ። ግርዶሽ በየወሩ የማይሆነው የጨረቃ ምሕዋር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው የሚለውም፣ ክብ ካርቶኑን ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ጥላው ከወረቀቱ ሲወጣ በማሳየት በአንድ ትንፋሽ ይታለፋል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.) ታላቅ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል። የሙሉ ጥላው መንገድ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በደቡብ እስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ ሉክሶር፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳና መካ፣ በየመንም በኩል ያልፋል፤ በሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በኢትዮጵያ ከፊል ግርዶሽ ሆኖ ይታያል፤ ወሩ ግን የክረምት ወር ስለሆነ በብዙው የአገሪቱ ክፍል ደመና ሊጋርደው ይችላል፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ስለዚህ ትርኢቱን በግንቦት ቢያሳዩ ልጆቹ ለሐምሌ ዕውቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። በስልክ የሚነጋገሩትን ዘመዳሞችም ለዚያኛው ግርዶሽ መለወጥ ይችላሉ፤ አንዷን ጅዳ የምትኖር አክስት ያድርጓትና ወረቀቱን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያስጠጉት፤ በመኻሉ ቀዳዳ የሚያየው ሰው ያን ጊዜ ቀለበትም ማጭድም አያይም፤ ፀሐዩ ሙሉ በሙሉ ይሰወርበታል።

ልጆቹ ከሳጥኑ ወደ እውነተኛው ፀሐይ ሲዞሩ ግን ደንቡ ይለወጣል፤ ይህንም በትርኢቱ መጨረሻ ሳይሆን ቀዳዳዎቹን እንዲያዩ በሚጋበዙበት ቅጽበት ይናገሩት። በወረቀት የተሸፈነ አምፖል ዓይንን አይጎዳም፤ ፀሐይ ግን ጥቂት ብቻ ስትቀርም የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ታቃጥላለች፤ በሚቃጠልበት ጊዜም ሕመም አይሰማም። የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ የሲዲ ሰሌዳና በጥላሸት የጠቆረ መስታወት አይከላከሉም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ፣ አይኤስኦ 12312-2 የሚለውን ደረጃ ያሟላና ያልተጫረ መነጽር ያስፈልጋል። መነጽሩ ከሌለ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ የፓስታ ማጥለያን ጥላ መሬት ላይ ማየት ነው፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በኩል አንዳንድ ትንሽ ማጭድ መሬቱ ላይ ይወርዳል። የብርሃን ሊቁ ኢብን አልሀይሰም ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፍ የግርዶሽ ብርሃን ለምን የማጭድ ቅርጽ እንደሚይዝ የጻፈው ስለዚሁ ነው፤ ለክበብዎ የሚቀጥለው ትርኢት ርእስ ከፈለጉ ከዚህ ቢጀምሩ አላዝንም።